እናቴ ላማችንን ሪቮክ አደረገቻት

ጓዶች፣ ፎቶው ላይ ሸሚዜ ላይ የምታዩት ነገር ጭቃ አይደለም።

አጉልታችሁ አትዩት። ባለበት ተዉት።

አሁን ከአይሱዙ ጀርባ ላይ ወርጄ፣ እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጥቤ፣ ደጃፋችን ላይ ተቀምጫለሁ። ዛሬ የሆንኩትን ኢተያ ላይ ግማሹ ሰው አይቶታል። ነገ አሰላ መድረሱ አይቀርም። ሌላ ሰው ጨምሮበት ከሚያወራው ራሴ ላውራው ብዬ ነው።

ለአዲስ ገቢዎች፦ ከድር እባላለሁ። አሰላ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ከሥራ መልስ ደግሞ እዚህ ቻናል ላይ ስለ ክሪፕቶ አስተምራለሁ።

"አስተምራለሁ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። በኋላ አብረን እንስቅባታለን።

ነገሩ የጀመረው ከሰሞኑ ቪዲዮዬ ነው። "ፈቃዳችሁን ዛሬውኑ ሰርዙ" እያልኩ ጣቴን የቀሰርኩበት። ያላያችሁት ካላችሁ በአጭሩ ልድገመው፤ ያለዚያ የላሟ ጉዳይ አይገባችሁም።

አዎ፣ ላም አለበት።

ስልካችሁ ላይ ዋሌት አለ እንበል። ውስጡ ቶክን አስቀምጣችኋል። ቶክኑን በአንድ አፕ ልትለውጡ ስትሉ የአፑ ስማርት ኮንትራክት፣ ማለትም የሰው እጅ ሳይነካው በራሱ የሚሠራው ፕሮግራም፣ አንድ ጥያቄ ያቀርባል። "ከዋሌትህ ቶክን እንዳወጣ ትፈቅድልኛለህ?" ይላል። እናንተም "አፕሩቭ" ትላላችሁ።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ለዛሬ የምትበቃውን ብቻ አይደለም። ያለ ገደብ ነው የሚጠይቀው። እናንተ ደግሞ ቸኩላችኋል፤ ሳታነቡ ትጫኑታላችሁ።

ከዚያ አፑን ትረሱታላችሁ። ፈቃዱ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። አንድ ቀን ሌባ አፑን ሰብሮ ከገባ በሰጣችሁት ፈቃድ ዋሌታችሁን ይጠርገዋል። የይለፍ ቃል አያስፈልገውም። ራሳችሁ ፈቅዳችኋላ።

መፍትሔው ሪቮክ ማድረግ ነው፤ ፈቃዱን መሰረዝ። ለመሰረዝም ለኔትወርኩ የምትከፈል ትንሽ ነገር አለች፣ ጋዝ ይሏታል። ጋዝ ከሌላችሁ መሰረዝ አትችሉም።

በቃ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው። እኔ ራሴ የምጠቀምበት አንድ መለወጫ አፕ ተሰበረ የሚል ወሬ ሲመጣ ቪዲዮውን ሠራሁ። ላይኩ ዘነበ። "ወንድማችን ባንተ ዳንን" ያላችሁኝም አላችሁ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ ሸሚዜ ነጭ ነበር።

አላቆምኩም። ለእናቴ አስረዳኋት።

እናቴን አዮ ነው የምላት። ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች። ሚዛኗ ላይ የሚከራከራት ሰው የለም፤ የሰማችውን ነገር ደግሞ ዕለቱን ሥራ ላይ ካላዋለች እንቅልፍ አይወስዳትም። ምሳ እየበላን፣ "ከስልክህ ጋር እንዲህ የሚያጯጩህህ ምንድን ነው?" አለችኝ።

አስተማሪ ነኝ አይደል? ምሳሌ ፍለጋ ገባሁ። በባንክ ሞከርኩ፣ አልገባትም። በቁልፍ ሞከርኩ፣ "ቁልፌን ለማን ሰጠህ?" ብላ ተቆጣች። በመጨረሻ ጭንቅላቴ ውስጥ መብራት መጣ።

"አዮ፣ ልክ እንደ ደበሬ ነው" አልኳት።

የእኛ አገር ልጅ ላልሆናችሁ ልንገራችሁ። ደበሬ ማለት ላምህን ሌላ ሰው ቤት ታኖራታለህ። ላሟ ያንተው ናት። ሰውየው ይቀልባታል፣ ያልባታል፣ ወተቱን ቤተሰቡ ይጠጣዋል። ፊርማ የለም፣ ገደብ የለም፣ ቃል ብቻ ነው። በዚያች ላም ሁለት ቤት ይዛመዳል።

ላምህን መልሰህ መውሰድ ትችላለህ። መብትህ ነው። ግን ያለ ምክንያት መጥቶ ላሙን የነዳ ሰው፣ "አላምናችሁም" ብሎ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ እንደጮኸ ነው የሚቆጠረው።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ለአዮ አልነገርኳትም። ከእኔ በላይ ታውቃታለች ብዬ።

እኛም ደበሬ የሰጠናት ላም አለችን። ቡሬ ትባላለች፤ ቡራቡሬ ስለሆነች ነው። የእኛ ግቢ ጠባብ ነው፤ ኢተያ ደግሞ የስንዴ አገር ስለሆነ ገለባ ሞልቷል። ቡሬ ያለችው እዚያ፣ አዴ ዘይነባ ቤት ነው። አዴ እንደ እትዬ ነው፤ የአዮ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ባላቸው የሞቱ ጊዜ ነው አዮ ላሟን ነድታ የወሰደችላቸው።

"አየሽ አዮ" አልኳት፣ ጣቴን እንደ ቪዲዮው ቀስሬ፣ "የሰጠሽው ሰው ክፉ ነው ማለት አይደለም። መልአክ ሊሆን ይችላል። ግን ሌባ እሱ ቤት ከገባ ያንቺን ላም ነው ነድቶ የሚሄደው። ስለዚህ ገደብ የሌለው ፈቃድ አትስጪ። የሰጠሽውን ሰርዢ። ካስፈለገ በኋላ በልክ አድርገሽ እንደገና ትሰጫለሽ።"

"ለማንም?" አለች።

"ለማንም። ለምታምኚው ሰውም ቢሆን።"

አዮ ጎረሰች። ገባት ብዬ ደስ አለኝ።

ገብቷታል።

ትናንት ከሱቅ ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ላም ቆማለች። የዲሹ ምሰሶ ላይ ታስራለች። ከአፏ የእኔ ካልሲ ተንጠልጥሏል።

"አዮ! ይቺ የማን ላም ናት?"

"ቡሬ ናት። አላወቅካትም እንዴ?"

"ቡሬ እዚህ ምን ትሠራለች?"

አዮ እጇን በሽርጧ ጠረገች። አገጯን ቀና አደረገች። በጣም ጎበዝ ተማሪ አስተማሪውን እንደሚያየው እያየችኝ፦

"ሪቮክ አደረግኳት" አለች።

ግማሾቻችሁ አሁን እየሳቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ሳቁ፣ ሐቃችሁ ነው። እኔ ግን አልሳቅኩም። አዮ የማታውቀው ነገር ነበረ። እናንተም አታውቁትም። ይውጣልኝ።

አዴ ዘይነባ ሴት ልጅ አላቸው። ሀዊ ትባላለች፣ ነርስ ናት። የተዋወቅነው እዚሁ ቻናል ላይ ነው። አንድ ቪዲዮ ለጥፌ፣ "ሁለተኛውን ነገር ተሳስተህ ነው ያስተማርከው" ብላ ኮሜንት ጻፈችልኝ። ልከራከር በግል ገባሁ። ተከራከርን። አሁንም እየተከራከርን ነው፣ ያለሷ ክርክር ቀኑ አይመሽልኝም።

የማን ልጅ መሆኗን ያወቅኩት ቆይቶ ነው፤ እነሱ ቤት የምትሄደው አዮ ብቻ ነበረች። "ጠዋት ላም አልቤ ነው ሥራ የምገባው፤ የአሰላ ሰው ላም ናት፣ ቡሬ እንላታለን" ስትለኝ ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

እና እሁድ ሽማግሌ ልልክ ነበር።

አዮን ደግሞ በዚህ ሳምንት ልነግራት ነበር። ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ ስል አዮ ቀደመችኝ። ሽማግሌ ልልክበት ወዳሰብኩት ቤት በራሷ እግር ሄዳ፣ ላሟን አይሱዙ ላይ ጭና መጣች። እኔ ልጃችሁን ስጡኝ ልል ነው፣ እናቴ ላሜን አምጡ ብላለች።

ቆይ፣ ገና አላለቀም።

"ጥጃዋስ?" አልኳት።

"ጥጃዋ ሜዳ ወጥታ ነበር። ሾፌሩ ቸኮለብኝ። ትመጣለች።"

ቡሬ ጥጃዋ ሳትጠባት ወተት አትሰጥም። አዮ ባልዲ ይዛ ቀረበች፣ ቡሬ ባልዲውን በእግሯ አለችው። አዮ አባበለቻት፣ ቡሬ ጀርባዋን ሰጠቻት። ከዚያ አፏን ወደ ኢተያ አዙራ መጮህ ጀመረች። ሰፈሩ በሙሉ ከእኛ ጋር አደረ። ጎረቤቶቻችን ሲነጋ ሰላም ያሉን በግድ ነው።

ሀዊም ጻፈችልኝ።

"እናትህ ላሟን ወሰዱ። እናቴ ምን አጠፋሁ እያለች ስታለቅስ ነው የዋለችው። እሁድ ማንንም እንዳትልክ።"

ኢሞጂ የለውም። ሀዊ "እሺ" ስትል እንኳ ኢሞጂ የምታስቀምጥ ልጅ ናት። ያቺን ሜሴጅ ደጋግሜ ከላይ እስከ ታች ፈለግኩባት። አንዲት ፈገግታ እንኳ የለችም። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት አዮን ለመንኳት።

"አዮ፣ ቡሬን እንመልሳት።"

"ለማንም አትስጪ ያልከኝ አንተ አይደለህም?"

"እሱ እኮ ስለ ቶክን ነው።"

"ለማይታይ ነገር እንዲህ የተጠነቀቅክ ለላም ስትሆን ምን ነካህ?"

 

የረታልኝ የእኔ ንግግር ሳይሆን የቡሬ ጩኸት ነው። ቡሬ ጡቷ ተወጥሮ፣ የቀረበላትን ሳር ሳትነካ መቆሟን አዮ ስታይ አንጀቷ አልቻለም። "ነይ እናቴ፣ ወደ ልጅሽ" አለቻት። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ፣ "እንመልሳታለን። ግን አሁን በልክ ነው የምሰጣት፣ እንዳስተማርከኝ" አለች።

በልክ! ላም በልክ እንዴት ነው የሚሰጠው? አልጠየቅኩም። እስክንሳፈር ድረስ አፌን ዘጋሁ።

ነጭ ሸሚዜን ለበስኩ። ለእሁድ ማግስት ያስቀመጥኩት ነው። ሀዊ ታየኛለች ብዬ ነው፣ ምን ላድርግ። አዮ ሸሚዙን አየችው።

አዮ ጋቢና ገባች። እኔ ከኋላ፣ ከቡሬ ጋር። ከአሰላ እስከ ኢተያ መንገዱ ያምራል፤ በሁለቱም በኩል ስንዴ ነው፣ ከኋላ የጭላሎ ተራራ ደመናውን ለብሶ ይታያል። እኔ ያየሁት የቡሬን ጅራት ብቻ ነው። ሾፌሩ አንዷን ጉብታ ሳያበርድ ዘለላት። ቡሬ ደነገጠች። የደነገጠች ላም ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ። እኔ የቆምኩት ደግሞ በኋላ በኩል ነበር።

ፎቶውን አጉልታችሁ አትዩ አልኳችሁ እኮ።

በዚህ ሁኔታ ኢተያ ገባሁ። በሱፍ፣ በከረቫት፣ ሚዜ አስከትዬ ልገባበት ያሰብኩት ቤት ደጃፍ ላይ፣ የላም ገመድ ይዤ ቆምኩ።

ሀዊ በሩ ላይ ነበረች። አየችኝ። ሸሚዜን አየችው። እንደማታውቀኝ ሰው ፊቷን ወደ ላሟ አዞረች። እኔም እንደማላውቃት ሰው ገመዱን አየሁ። ከንፈሯን ነክሳ ስትይዘው ግን አይቻለሁ፤ ወይ ልታለቅስ ነው ወይ ልትስቅ፤ ሳቅ እንዲሆን ተስፋ አደረግኩ።

ጥጃዋ የእናቷን ድምፅ ስትሰማ አጥሩን ጥሳ ወጣች። ቡሬም የመኪናው በር ተከፍቶ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ገመዱ እጄ ላይ ተጠቅልሎ ነበር።

አብሬያት ወረድኩ።

የሰፈሩ ሰው አጨበጨበ። ለጥጃዋ ነው ወይስ ለእኔ፣ አላጣራሁም።

አዴ ዘይነባ ከቤት ወጡ። ሌላ ጊዜ አዮን ሲያዩ ከሩቅ እጃቸውን ዘርግተው፣ አንገቷን አቅፈው ነው የሚስሟት። ዛሬ ቆመው፣ "ኮቱ፣ ሴኒ" አሉ። ግቢ ማለታቸው ነው። በትሕትና። ለእንግዳ እንደሚባለው።

አዮ ያኔ ነው የገባት። ፊቷ ላይ አየሁት። የቅመም ሚዛን ላይ ሲሆን እጇ የማይንቀጠቀጥባት እናቴ፣ ጫማዋን ስታወልቅ ማሰሪያው ጠፋባት።

ተቀመጥን። እኔ በሸሚዜ ምክንያት ደጃፉ ላይ። ሀዊ ውሃ በጣሳ አምጥታ ሳታየኝ አጠገቤ አስቀመጠችና ግድግዳው ጋ ቆመች።

"ፋጡማ" አሉ አዴ ዘይነባ አዮን በስሟ ጠርተው፣ "ምን አጥፍቼ ነው? ቡሬ ከስታብሽ ነው?"

"ኧረ አልከሳችም።"

"በረት አጣች? ተራበች?"

"ዘይነባ፣ እንዲህ አትበይኝ።"

"ታዲያ ሰው ምን ነገረሽ?"

አዮ ጣቷን ወደ በሩ ቀሰረች። የቪዲዮዬን አቀሳሰር ነው የቀሰረችው።

"እሱ ነው የነገረኝ።"

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ቡሬ እንኳ ጥጃዋን እየላሰች አንድ ጊዜ ቀና ያለች መሰለኝ።

ጓዶች፣ እዚህ ቻናል ላይ ስለ ስማርት ኮንትራክት ብዙ ጊዜ አስረድቻለሁ። እንደ ዛሬ ላብ አጥምቆኝ አያውቅም።

"አዴ፣ ነገሩ ምን መሰልዎት፣ ሌባ ገባ ተባለና…"

"ኢተያ ሌባ ገብቷል?"

"አይ፣ ኢተያ አይደለም። ስልክ ውስጥ ነው።"

"ስልክ ውስጥ ላም አለህ?"

"የለኝም አዴ። ቶክን ነው። ገንዘብ በሉት። ፕሮግራሙ እንዲያወጣልኝ ፈቅጄለት ነበር፣ እና እንደ ደበሬ ነው ብዬ ለአዮ…"

አዴ ዘይነባ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

"እና አንተ ስልክህ ውስጥ ሌባ ገባ ብለህ፣ እኔ ቤት ያለችውን ላም አስወሰድክ።"

"በአጭሩ… አዎ።"

ከግድግዳው በኩል ድምፅ ሰማሁ። ሀዊ ሻሿን አፏ ላይ ጭናለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አልሐምዱሊላህ፣ ሳቅ ነው!

አዴ ዘይነባ ግን አልሳቁም።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ባሌ የሞተ ጊዜ በዚህ ቤት ወተት አልተቋረጠም። እናትህ ናት ያላስቋረጠችው። ትናንት ላሟ ስትወጣ ያስለቀሰኝ ወተቱ አይደለም። ፋጡማ ዞራ እንኳ ሳታየኝ ሄደች።"

"ዞሬ ካየሁሽ አልችልማ!" አለች አዮ። ድምፅዋ ተሰበረ። "ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ እኮ ነው ዘይነባ። ነገ በልክ አድርጌ አመጣላታለሁ ብዬ… አውፍ በይኝ።"

"ላም በልክ እንዴት ነው የሚሰጠው?"

"እኔ ምኑን አውቄው! ልጁን ጠይቂው።"

እንደገና ሁሉም አየኝ። እኔም ላሟን አየሁ። ግን አዴ ዘይነባ አዮን አቀፏት። አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። ሁለቱም አለቀሱ፣ እኔም ትንሽ፣ በዚያ ሸሚዝ ላይ ምንም አይታይም ብዬ።

እዚህም ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። አዴ ዘይነባ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ነገሩን ለማለሳለስ ያህል አንድ ነገር ጠየቁኝ።

"ለመሆኑ የራስህን መለስክ? ከዚያ ከስልኩ?"

"እንዴታ! እኔማ የዚያኑ ዕለት…"

ምላሴ አፌ ውስጥ ቆመ።

የዚያን ዕለት ጋዝ አልነበረኝም። "ዲስኮኔክት" የሚለውን ብቻ ተጫንኩ። አፑ ከስልኬ ላይ ጠፋ፣ እኔም ለጊዜው ይበቃል፣ ጋዝ ገዝቼ ሪቮክ አደርገዋለሁ አልኩ። ዲስኮኔክት ማድረግ ግን ፈቃዱን አይነካውም። ዓይን እንዳያየው መጋረጃ መዝጋት ነው። ከዚያ ቪዲዮውን ቀረጽኩ። ከዚያ ላይኩን ስመለከት ዋልኩ።

ረሳሁት!

እናንተን ሁሉ ሰርዙ ብዬ፣ የእናቴን ላም አሰርዤ፣ የራሴን ረሳሁት። እና እዚያ ዋሌት ውስጥ ያለው ለሠርጌ ያጠራቀምኩት ነው፣ በሙሉ፣ በዲጂታል ዶላር።

ዘልዬ ተነሳሁ። ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም። ግቢውን ዞርኩ፣ የለም። የገለባ ክምር አየሁ። ወጣሁበት።

ከላይ ኔትወርክ መጣ። ዋሌቱ ተከፈተ። ገንዘቡ አለ! አልተነካም። ፈቃዱም አለ፤ ገደብ የለውም፣ እንደተከፈተ ነው። "ሪቮክ" ተጫንኩ። "በቂ ጋዝ የለዎትም" አለኝ።

"ምን ሆነሃል?" አለች ሀዊ ከታች። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረችኝ ያኔ ነው።

"ጋዝ የለኝም! ፈቃዱን አልሰረዝኩትም! ብሩ በሙሉ እዚያ ነው!"

አላሰበችም። ስልኳን ከኪሷ መዘዘች፣ አጠገቤ ወጣች፣ ሁለት ጊዜ ነካካችው።

"ላክሁልህ። ተጫን።"

ተጫንኩ። ክቧ ትሽከረከራለች። ትሽከረከራለች። የኢተያ ኔትወርክ ሆይ፣ ዛሬ ብቻ። ሀዊ ትከሻዬን ይዛለች። ትሽከረከራለች።

ተሰረዘ!

ጮህኩ። ሀዊም ጮኸች። ገለባው ላይ ሁለታችንም ዘለልን። እጇን ያዝኩ።

ከዚያ ወደ ታች አየን።

አዮና አዴ ዘይነባ ጎን ለጎን ቆመው ወደ ላይ ያዩናል። የአዮ እጅ ወገቧ ላይ ነው።

"ሀዊ" አሉ አዴ ዘይነባ በዝግታ፣ "የዚህን ልጅ አድራሻ ከየት አውቀሽ ነው የላክሽለት?"

"ቻናሉን እከታተላለሁ" አለች ሀዊ።

"የሚከታተለው ሰው ሁሉ ይልክለታል?"

ሀዊ ስልኳን ኪሷ ውስጥ ከተተች። አዮ ደግሞ ሸሚዜን ከኮሌታው እስከ ጫፉ አየችው።

"እኔ ከጠዋት ጀምሮ ሲከነክነኝ ነበር" አለች። "ነጭ ሸሚዝ ለላም ብለህ ነው የለበስከው?"

ከገለባው ላይ ተንሸራትቼ ወረድኩ። እርጥብ የነበረው ሁሉ ላይ ገለባ ተለጠፈ። እንደዚያ ሆኜ፣ በሁለት እናቶች ፊት፣ በሕይወቴ ትልቁን ነገር ተናገርኩ።

"እሁድ ሽማግሌ ልልክ ነበር።"

ጥጃዋ ስትጠባ ብቻ ይሰማል።

መጀመሪያ የሳቁት አዴ ዘይነባ ናቸው። ሆዳቸውን ይዘው፣ በሩ ላይ ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪወርድ። አዮ አልሳቀችም። ጭኗን መታች።

"ዋዮ! እና እኔ ከገዛ አማቼ ቤት ላም ነዳሁ? አንተ ልጅ፣ ይህን ሳትነግረኝ ስለ ቶክን ታስተምረኛለህ?"

"ልነግርሽ ነበር አዮ።"

"መቼ? የልጅ ልጄ ሲድህ?"

ከዚያ እሷም ሳቀች። ሁለቱ ተያይዘው ሲስቁ የልጅነታቸውን መልክ ያየሁ መሰለኝ። ይህን ለማየት ሌላም ሸሚዝ ይበላሽ፣ ግድ የለኝም።

ቡሬ ወተቷን ሰጠች። አዮ ራሷ አለበቻትና የመጀመሪያውን ለአዴ ዘይነባ አቀበለች። "ያለ ገደብ ነው" አለች፣ ጮክ ብላ፣ የሰፈሩ ሰው እንዲሰማ። "ላሟም፣ ጥጃዋም፣ የምትወልደውም። ይህን ሪቮክ የሚያደርግ የለም።"

አዴ ዘይነባ ጠጡ። አፋቸውን ጠረጉ። ወደ እኔ ዞሩ።

"ላሟ ያለ ገደብ" አሉ። "አንተ ግን በልክ ነህ። ሽማግሌዎቹ እሁድ ይምጡ፣ እንሰማቸዋለን። አንተ ግን እስከዚያ ድረስ በዚህ በር እንዳላይህ። ስልኩም ላይ ቢሆን ልጄን አታስቸግራት። ፈቃድህ ተሰርዟል።"

በገዛ ትምህርቴ ሪቮክ ተደረግኩ!

አዮ ስትመለስም ጋቢና ነበረች። ሳቋ እኔ ጋ ከኋላ ይሰማ ነበር። እኔ በባዶው አይሱዙ ላይ፣ አዴ ዘይነባ የሰጡንን አንድ ቅል እቲቱ፣ ያቺን የረጋች ወተት፣ እንዳትፈስ ታቅፌ ጉብታውን እጠብቃለሁ። ቀና ብዬ ጭላሎን አየሁት። በእውነት ያምራል።

እንግዲህ ትምህርቱን ውሰዱት። ዲስኮኔክት ማለት ሪቮክ ማለት አይደለም። ዋሌታችሁ ውስጥ ሁልጊዜ ለጋዝ የምትሆን ትንሽ ነገር ትኑር። ፈቃድ ስትሰጡ በልክ ስጡ። ይህን ሁሉ ለእናታችሁ ስታስረዱ ግን ላም የሚባል ነገር አታንሱ።

እና ቆይ… ይህን እየጻፍኩ አንድ ሜሴጅ ገባ።

ከሀዊ ነው። አታስቸግራት ተባልኩ እንጂ አታስቸግሪው አልተባለችም።

ጽሑፍ የለውም። አንድ የላም ኢሞጂ ብቻ ነው።

ጓዶች፣ እናንተ ታውቃላችሁ፦ ይሄ አፕሩቭ ነው፣ አይደል?